ሰባት ሰው የምትይዘው መኪና

መኪና ልገዛ ነው ብዬ ቢሮ ስናገር፣ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ የሰጠችኝ ምክር ስለ ሞተር አልነበረም። «ትልቅ እንዳትገዛ» አለችኝ። «ትልቅ የገዛህ ዕለት የዘመድ ሹፌር ሆነህ ቀረህ።» ሁላችንም ሳቅን። እኔ ግን ምክሩን ይዤ ቤቴ ገባሁ።

ለሰው የምናገረው ምክንያት ሌላ ነበር፤ ነዳጅ። ከሰሚት ቤቴ ሩዋንዳ ሰፈር ቢሮዬ ድረስ በየቀኑ ልመላለስ ነው። ማደያ ደጃፍ የተኮለኮለውን መኪና ከታክሲ መስኮት እያየሁ «እኔስ እንዲህ አልሆንም» ስል ኖሬያለሁ። ስለዚህ ነዳጅ ቆጣቢ መኪና ነው የምፈልገው፤ ይህን ማን ይቃወማል? እናቴም አልተቃወመችም።

እናቴ የምትኖረው ቦሌ ሚካኤል ነው፣ እኔ ባደግሁበት ግቢ። በቤተ ክርስቲያን የጸሎት ጓደኞች አሏት፤ እነሱ አምስት፣ ከእሷ ጋር ስድስት። አብዛኞቹ እንደኛው ከደቡብ የመጡ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ በሽተኛ ይጠይቃሉ። ጎሮም ይሁን አያት፣ ሆስፒታልም ይሁን ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም፣ አይቀሩም። ታክሲ ይሰለፋሉ፣ ይወርዳሉ፣ እንደገና ይሰለፋሉ። አባቴ የሞተ ጊዜ እኛ ቤት ፍራሽ አንጥፈው ከርመዋል። ማትሪክ ስቀመጥ ጾመውልኛል። መኪናውንም ቢሆን እኔ ገና ሳልመኘው ነው እነሱ የለመኑልኝ። ለምን እንደሚለምኑ አንድም ቀን አልተናገሩም፤ ከታክሲ ሲወርዱ ጉልበታቸውን ይዘው ሲያቃስቱ ያየ ሰው መጠየቅ አያስፈልገውም።

ገርጂ አካባቢ ያገለገሉ መኪኖች የሚሸጡበት አንድ ግቢ አለ። ደላላው ጠዋት ደውሎ ሁለት መኪና፣ ትንሽና ሰባት ሰው የምትይዝ፣ እንዳለው ነገረኝ፤ እኔም ለእናቴ ነገርኳት። አንዷ ቪትዝ ነበረች። «ይቺ ቤንዚን አትጠጣም፣ አሽትታ ነው የምትሄደው» አለ ደላላው ጣራዋን መታ መታ እያደረገ። ሌላዋ ከኋላ ሦስተኛ ረድፍ ወንበር ያላት፣ ሰባት ሰው የምትይዝ መኪና ነበረች። ይዤው የሄድኩት መካኒክ የሁለቱንም ኮፈን ከፍቶ አየ፣ ሁለቱንም ዳገት አውጥቶ ሞከራቸው። ትንሿን «ጥሩ ናት» አለ። ስለ ትልቋ ሲናገር ግን ፊቱ በራ። «ሞተሯ ያልተነካ ነው። ነዳጁም እንደምትፈራው አይደለም፣ ከትንሿ ብትበልጥ ትንሽ ነው። ሰው ካለህ እሷን ውሰድ።»

ሰው አለህ ወይ ብሎ ቢጠይቀኝ ምን እል ነበር? ትልቋ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። ሳላስበው ወንበሮቹን መቁጠር ጀመርኩ። መሪው ጋ እኔ። ጎኔ እናቴ። ከኋላችን ሦስት፣ ከእነሱ ኋላ ሁለት። ልክ መጣ። አንድ ወንበር ቢጎድል ኖሮ እንዲያ አልደነግጥም ነበር። ልክ ሲመጣ ግን ቅዳሜዎቼ ሁሉ ሲሄዱብኝ ታየኝ፤ እስከ ረፋድ መተኛቴ፣ ከጓደኞቼ ጋር ሩዋንዳ ቁርስ በልቼ ወሬ ስጠርቅ መዋሌ። ወርጄ በሩን ዘጋሁና «ትንሿን እወስዳለሁ» አልኩ። መካኒኩ ትከሻውን ሰበቀ።

ማታ እናቴ ደወለች። «ሰባት ሰው የምትይዘውስ?» አለችኝ። እንዲያው ለወሬ ያህል የጠየቀች መስላ ነበር፤ እኔ ግን እናቴን አውቃታለሁ።

«መካኒኩ አትሆንህም አለኝ፣ እማዬ። ሞተሯ የታመመ ነው። መንገድ ላይ ታስቀራለች።»

«ተመስገን» አለች። «ጌታ ነው የጠበቀህ፣ ልጄ።»

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስድስቱም መኪናዋን ሊባርኩ መጡ። እናቴ ግቢ በር ላይ ከበቧትና እጃቸውን ኮፈኑና ጣራው ላይ ጫኑ። ከትንሽነቷ የተነሳ እጅ በእጅ ላይ ተደራረበ። እናቴ ልጄን ከታመመችው መኪና ያዳንክ አምላክ ተባረክ ብላ ጸለየች፤ ሁሉም አሜን አሉ። በልጅነቴ ትኩሳት ሲይዘኝ አዝለውኝ ጤና ጣቢያ የሮጡት፣ አሁን ምርኩዝ የያዙት ሴትዮ «ስታምር፣ በደስታ ንዳት የኔ ልጅ» አሉኝና የመስኮቱን አቧራ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉልኝ። እንደዚያን ዕለት አፍሬ አላውቅም። ማፈሬ ግን አፌን አላስከፈተኝም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ተነስቼ ቦሌ ሚካኤል ሄድኩ። «ነይ እማዬ፣ ላድርስሽ» አልኳት።

«እነሱስ?»

«ሦስቱ ከኋላ ይገባሉ።»

«የትኞቹ ሦስት?» አለችኝ። ቁጣ አልነበረባትም፤ በእውነት እንድመርጥላት የጠየቀችኝ ይመስል ነበር። ከዚያ ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ። «ግድ የለህም፣ ነዳጅህን አትጨርስ። እኛ ለምደነዋል።»

አብሬያቸው ሄድኩ፤ ማለት፣ እነሱ በሚኒባስ፣ እኔ ባዶ ወንበር ይዤ ከኋላቸው። ጎሮ ስንደርስ የሚጠይቋት በሽተኛ ቤት ገባን፤ እነሱም ጸለዩ። አበቃ ብዬ ዓይኔን ልገልጥ ስል እናቴ ቀጠለች። «ያቺን መኪና ሳያውቅ ለሚገዛት ሰው እንለምንሃለን፣ ጌታ ሆይ። ልጆች ይዞ መንገድ ላይ እንዳታስቀረው።» ሴቶቹ ከልባቸው አሜን አሉ። በሽተኛዋም ተኝታ በደከመ ድምፅ አሜን አለች። እኔም አልኩ፤ ምን ልበል?

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የኔ ግን ከቅዳሜ ቅዳሜ እየከበደ ሄደ፣ ምክንያቱም በሄድኩ ቁጥር ያ የመኪናዋ ገዢ በጸሎቱ መጨረሻ ላይ ይነሳል። አንድ ቀን እናቴ «እስቲ ለደላላው ደውልለት» አለችኝ። «ሰውየው በሰላም ነው ወይ? ሳስበው ሆዴ ይባባል።»

ደወልኩ። ደላላው ሳቀብኝ። «እሷ ምን ትሆናለች? ሰውየው ቤተሰቡን ሞልቶባት ሐዋሳ ደርሶ ተመለሰ። እንደሷ ያለ ሞተር የት ይገኛል? አንተን ነው ያመለጠችህ።»

ቅዳሜ ጠዋት ልነግራት ቆርጬ ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ የምለውን እያሰብኩ ነው የነዳሁት፦ እማዬ፣ መኪናዋ ታማም አታውቅም፤ እናንተን ላለመጫን ብዬ ነው። ስደርስ ስድስቱም ሳሎን ተሰብስበው ጫማቸውን ያደርጋሉ።

«ደወልክለት?» አለች እናቴ ገና ከበር።

«ደውያለሁ። ሰውየው ደህና ነው። ቤተሰቡን ይዞ ሐዋሳ ደርሶ ተመልሷል። መኪናዋ እኮ እማዬ…»

አላስጨረሰችኝም። ሁለት እጇን ወደ ላይ አንስታ ነበር። «አያችሁ?» አለች ወደ ጓደኞቿ ዞራ። «ጌታ ሰማን።» እልልታው ግቢውን ሞላው። ባለምርኩዟ ሴትዮ ለማያውቁት ሰው ደስ ብሏቸው እንባቸውን ጠረጉ፤ እጄን ሳብ አድርገውም ሳሙኝ፣ ምሥራቹን ያመጣሁት እኔ ነኝና። ስለዚያች መኪና ለእናቴ የነገርኳት እውነት ያ ብቻ ነው፤ እሱም ውሸቴን አጽድቆልኝ ቀረ። የተከፈተ አፌን ዘጋሁት።

አመስግነው ሲጨርሱ ነጠላቸውን አደላደሉ፣ ቦርሳቸውን ያዙ፣ በመኪናዬ ጎን አልፈው ታክሲ ሊሰለፉ ወጡ።