የበቀለ ቡድን ለምን አልነጠቀም?

ባለፈው እሑድ ደብረ ብርሃን ውስጥ ኳስ ወደሚታይበት አንድ ቤት ገባሁ። ብርዱ የኮሜንታተሩን ምላስ ቴሌቪዥኑ ውስጥ እንዳለ አደረቀው ብላችሁ አታምኑኝም። ፊት ወንበር ላይ በቀለን ሳየው ግን ደነገጥኩ። ዱቄት ፋብሪካ አብረን ስንሠራ ስንት ዓመት ኳስ እንይ ብዬ ለምኜዋለሁ፤ እሱ ግን ከሥራ ሲወጣ ቀጥታ ወደ ቤቱ ነበር የሚበረው።

እረፍት ላይ ቁጥሮች ስክሪኑ ላይ መጡ። የእኛ ቡድን የነጠቀው ኳስ የተጋጣሚውን ግማሽ እንኳ አይሆንም።

"ሰነፎች! ተጭኖ የሚነጥቅ አንድ ሰው ይጥፋ?" ብዬ ስጮህ ደብረ ሲና ድረስ ተሰማ።

በቀለ ሳቀብኝ። "አንተ ሰውዬ፣ ኳሱ እኮ እኛው እግር ሥር ነው የዋለው። ከማን ይንጠቁ? ቁጥሩን ተጋጣሚው ኳስ ለያዘበት ደቂቃ አካፍለህ እየው፤ ማን ሰነፍ እንደሆነ ያኔ ይገባሃል።"

ተረታሁ፤ አፌ ግን መች ያርፋል! "አንተስ? የዚህ ቤት ባለቤት በየቀኑ ይመጣል አለኝ፤ የማትደግፈውን ቡድን ሳይቀር ታያለህ አሉ። አስናቀች አባረረችህ እንዴ?"

ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል፣ "ሚስቴ እያለች ምን ፍለጋ እወጣ ነበር?" አለኝ። "ጾሙ ሲገባ ቀበርኳት።"