ልብስ ሰፊዋ የራሷን ልክ ስትወስድ

ልብስ ሰፊዋ ለሰው ስትሰፋ ጥንቃቄዋ ያሰለቻል። ጨርቅ ሲመጣላት መጀመሪያ ውኃ ውስጥ ነክራ፣ አድርቃ፣ ተኩሳ ነው መቀስ የምታነሳው። አንዷ ደንበኛ "እጠቢልኝ መቼ አልኩሽ?" ብላ ብትቆጣ እንኳ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው።

"መጥበቡ ካልቀረ እዚሁ ይጥበብ፤ አንቺ ላይ ከሚጠብ" ትልና ታስቃታለች።

የራሷ ጉዳይ የመጣ ጊዜ ግን ያ ሁሉ ጥንቃቄ የት እንደገባ እንጃ።

ሁለተኛ ልጇን ጡት ያስጣለቻት በቅርቡ ነው። ከሱቁ በስተጀርባ ባለችው ጠባብ የመለኪያ ክፍል፣ ደንበኛ ሲሄድላት መስታወቱ ፊት ትቆማለች። ድሮ ቀና ብላ የምትሄድበት ደረቷ ሙሽሽ ብሏል። ጡቷን በቀዶ ሕክምና ለማስተለቅ የቆረጠችው ማንም ሳይገፋት ነው። ባሏ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ስትነግረው፦

"ለእኔ እንደሆነ እንዲሁም ደህና ነሽ" አላት።

"አንተን ማን ጠየቀህ! ለራሴ ነው።"

"ለራስሽ ከሆነ መሪው ያንቺ ነው። ብቻ ፍሬኑን ሳታስፈትሺ እንዳትነሺ" አለና በገዛ ቀልዱ ሳቀ።

እሷ ግን ተነስታ ነበር። ለዓመታት ያስቀመጠችውን ሐር ጨርቅ አወጣችና፣ ሳትነክር ሳትተኩስ፣ ገና ላልመጣው ደረት ቀሚስ ቆርጣ ሰፋች። የደረቱን ልክ የወሰደችው ከመጽሔት ላይ ካየቻት ሴት በዓይኗ ገምታ ነው።

ቀዶ ሕክምናውን የምትሠራው ሐኪም ጋ የሄደችው ቀሚሱን በፌስታል ይዛ ነው። ሐኪሟ መነጽሯን ጸጉሯ ላይ የምትሰቅል፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ሜትሯን ዘርግታ ልትለካት ስትል ጠየቀቻት።

"ጡት ካስጣልሽ ቆየሽ?"

"ኧረ በቅርቡ ነው።"

ሐኪሟ ሜትሩን መልሳ ጠቀለለችው። "እንግዲያው ዛሬ የምለካው ውሸት ይሆናል። ጡትሽ ገና ወደ ቦታው እየተመለሰ ነው፤ ቢያንስ ግማሽ ዓመት ይቆይ።"

"ያልተነከረ ጨርቅ!" አለች ልብስ ሰፊዋ ሳታስበው።

"ምን አልሽኝ?"

"ምንም፣ ሥራዬ ትዝ ብሎኝ ነው" አለችና እየተሽኮረመመች ቀሚሱን አወጣች። "ይኼን እንዲሞላልኝ ነበር።"

ሐኪሟ ቀሚሱን ወደ ብርሃኑ ይዛ አየችው። "ስፌቱስ ያምራል። ግን ቆዳሽና የደረትሽ ስፋት የሚሸከመው መጠን አለ። ቀሚስ ይፈታል፤ ቆዳ ከመጠን በላይ ተለጥጦ ከሳሳ ግን መመለሻ የለውም።"

ከዚያ ሳትቸኩል አስረዳቻት። ጡት ውስጥ የሚገባው ሲሊኮን የዕድሜ ልክ ዕቃ አይደለም፤ ሊቀደድ ይችላል፣ ዙሪያው ሊጠጥር ይችላል፤ አንድ ቀን ማስለወጥ ወይም ማስወጣት ይመጣል። የጡት ጫፍ ስሜት ሊቀንስ ይችላል። ሦስተኛ ልጅ ከመጣ ማጥባት ለብዙዎች ይሳካል፤ ለሁሉም ግን ዋስትና የለም፤ እርግዝናውም ቅርጹን እንደገና ይለውጠዋል። በመጨረሻም፦

"ለሳምንታት ከባድ ነገር አታነሺም። ልጅሽንም ጭምር" አለቻት።

"ልጄንም?"

ትንሿ ቀኑን ሙሉ እጇን ዘርግታ "እቀፊኝ" የምትል ናት።

ጎረቤቷ ጸጉር ሠሪ ይህን ስትሰማ ማበጠሪያዋን ወረወረች። "ግማሽ ዓመት? አንቺዬ፣ እስከዚያ ማን ይቆያል! ይህን የሚሠራ የማውቀው ቤት አለ። ዓርብ ትገቢያለሽ፣ ቅዳሜ ስፌትሽ ላይ ነሽ። ጥያቄ የለ፣ ምን የለ!"

ልብስ ሰፊዋም ሰው ናት፤ ልቧ ሸፈተ። አብረው ሄዱ። ክፍሉ ሽቶ ሽቶ ይላል፤ ሶፋው ያሰምጣል። ነጭ ጋውን የለበሰው ሰውዬ ፎቶ ደርድሮ "መጠን ምረጪ" አላት።

"ጡት ያስጣልኩት በቅርቡ ነው" አለችው።

"ችግር የለም።"

"ዙሪያው ቢጠጥርስ?"

"የእኛ አይጠጥርም።"

"ማደንዘዣውን ማን ነው የሚሰጠኝ?"

"እኔው ነኛ።"

"ቀዶ ጥገናውንም እርስዎ፣ ማደንዘዣውንም እርስዎ? እኔ እኮ ዚፕ ስገጥም እንኳ ጨርቁን የሚይዝልኝ ሰው እጠራለሁ።"

ሰውዬው ተቆጣ። "ልብስና ሰው አንድ ነው እንዴ?"

"እኔም እሱን ነው የምልዎ" አለችና ቦርሳዋን አነሳች። ጸጉር ሠሪዋ ሳቋን መያዝ አቅቷት ቀድማት ወጣች።

ግማሹ ዓመት ዝም ብሎ አልሄደም። ልብስ ሰፊዋ የሚስማማትን መጠን ለመሞከር በትንንሽ ከረጢት ሩዝ እየሞላች፣ ጡት መያዣዋ ውስጥ ከታ ስትሠራ ትውል ጀመር። ትልቁ መጠን ስፌት መኪናው ላይ ስታጎነብስ መንገድ ዘጋባት፤ ማታ ጀርባዋን ቆረጣት። ቀነሰች። ደግማ ቀነሰች። መካከለኛው ግን መኖሩን ረስታው ዋለች። የሐር ቀሚሱን ለጸጉር ሠሪዋ ሰጠቻት፤ እሷን ልክክ አላት። ትንሿንም በጨዋታ መልክ በርጩማ ላይ ወጥታ አልጋው ላይ መድረስ አስተማረቻት።

ቀኑ ሲደርስ ሐኪሟ ለካቻት። የመረጠችው መጠን ለደረቷ ይስማማል ተባለ። ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያም ሌላ ሰው ነበር፤ ከቀዶ ጥገናው በፊት መጥቶ ስለ አለርጂዋ አንድ በአንድ ጠየቃት።

"የቀረ ጥያቄ አለሽ?" አለቻት ሐኪሟ።

"የእኔን ጨርሻለሁ። አሁን ተራው የእርስዎ ነው።"

ቤት ስትመለስ ደረቷ ተወጥሮ፣ ስትስቅ እያመማት፣ ትራስ ተደግፋ ተቀመጠች። ባሏ ፈቃድ ወጥቶ ወጡን እያሳረረ ነው። ትንሿ በሩ ላይ ቆማ እጇን ዘረጋች።

"እቀፊኝ።"

"ዛሬ አንቺ ነሽ የምታቅፊኝ። ነይ፣ በርጩማሽ ላይ ውጪ፤ ቀስ ብለሽ።"

ልጅቷ በርጩማውን እየጎተተች መጣች። ወጣች። አልጋው ላይ ተንፏቃ እናቷ ጎን ደረሰችና ክንዷን በሁለት እጇ ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

"ከበድሽኝ" አለች።