የመለስኩት ወናፍ

ሊይዙኝ የመጡ ዕለት አንድ ኩንታል ሩዝ ከመሬት ለማንሣት እየታገልን ነበር። እየታገልን የምለው እኔና የአራተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ነን። የባሕር ዛፍ አጣና ድንጋይ ላይ አስደግፈን፣ አጭሩን ጫፍ በጆንያው ማሰሪያ ሥር አሹልከን፣ ረጅሙ ጫፍ ላይ ሁለት ቀጫጭን ልጆች ተንጠልጥለውበታል። ጆንያው አንድ ስንዝር ያህል ብድግ አለ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ሁለት ልጅ አንድ ኩንታል ሲያነሣ አይተው አያውቁማ።

በዚያ ጸጥታ መሀል በሩ ላይ የቆሙ ሁለት ሰዎች ስሜን ጠሩ።

"እሽ፣ ጆንያውን ላስቀምጥ፤ የልጆች እግር አለ" አልኳቸው።

ጠበቁኝ። ለምን እዋሻለሁ፣ ጠበቁኝ። አጣናውን ከነልጆቹ ይዤ ቀስ እያልኩ ለቀቅሁት፤ ጆንያው መሬት ነካ፤ የጠመኔውን ብናኝ ከእጄ አራግፌ ወጣሁ። ጥፋቴ በአንድ ስብሰባ ላይ የተናገርኳቸው ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ነበሩ። እዚህ አልደግማቸውም፤ ይህ ታሪክ የእነሱ አይደለም።

ያስገቡኝ ከወረታ ዳር ያለ አሮጌ የሩዝ መጋዘን ውስጥ ነው። መጀመሪያ ያየሁት ብርሃን ነበር። የጣሪያው ቆርቆሮ በምስማር ቀዳዳ ተበሳስቷል፤ በየቀዳዳው የሚገባው ፀሐይ ወለሉ ላይ ሳንቲም የሚያህሉ ክቦች ይሠራል። የሩዝ እብቅ በአየሩ ላይ ይንሳፈፋል፤ ሰው በተነፈሰ ቁጥር ከፍ ይልና ተመልሶ ይወርዳል። በግድግዳው ስንጥቅ ሜዳው ይታያል፤ ውሃው ሸሽቷል፣ ሩዙ ቢጫ ሆኗል፣ ከብቶቹ ከሩቅ ሲያዩዋቸው የሚራመዱ አይመስሉም። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ነቅቼ ይሁን ተኝቼ እንዳሳለፍኳቸው በቅጡ አላውቅም።

አሥራ ሦስት ነበርን። ሰዓት የምናውቀው በብርሃኑ ክቦች ነው። ከቀትር በኋላ ክቦቹ ሦስተኛው ምሰሶ ሥር ሲደርሱ "ተራ" ይባላል፤ ያን ጊዜ አንድ ሰው ተነሥቶ ስለ ሥራው ያወራል። ደንቡን ያወጡት የክፍሉ አለቃ ናቸው፤ እህል ሲነግዱ የኖሩ ሽማግሌ ነበሩ። አንዱ ስለ ባጃጅ ሞተር አወራ፣ አንዱ ስለ ንብ፣ አንዱ ደግሞ ይፋግ ገበያ ላይ የበሬ ዕድሜ ከጥርሱ እንዴት እንደሚታወቅ። ሆዳችንን ይዘን የሳቅንባቸው ቀናት አሉ።

ተራ የማይደርሳቸው አንድ ሰው ብቻ ነበሩ። በሩ ሥር፣ ከሽንት ባልዲው አጠገብ የሚተኙ ቀጥቃጭ። ዕድሜያቸውን ማጭድና ማረሻ ሲሠሩ ኖረው "ጠመንጃ ጠግነሃል" ተብለው የመጡ ናቸው። እኛ አሥራ ሁለታችን ሁለት ኩባያ እየተቀባበልን እንጠጣለን፤ እሳቸው የብቻቸው ጣሳ አላቸው። ይህን ያዘዘ ማንም የለም። ቀጥቃጭ ዓይኑ ሰው ይበላል ሲባል ሰምተን ያደግን ስለሆንን ትእዛዝ አያስፈልገንም። አሁን ስጽፍ "እሳቸው" እላለሁ፤ ያኔ ግን ያን ሁሉ ሽበት ይዘው አለቃውም እኔም "አንተ" ነበር የምንላቸው።

በሁለተኛው ሳምንት ወባ ጣለኝ። ወለሉ በውሃ የተሞላ መሰለኝ፣ ልክ ፎገራ በክረምት እንደሚሆነው። ምንጣፌ ተነሥታ ትንሳፈፋለች። አጣናው፣ ድንጋዩ፣ ጆንያው፣ ሁለቱ ልጆች ሁሉም አብረውኝ ይንሳፈፋሉ። የብርሃኑ ክቦች ዓሣ ሆነው በሥሬ ያልፋሉ። ደስ ይል ነበር ብል ማን ያምነኛል? ያስቸገረኝ ጥሙ ብቻ ነበር።

ቀትር ላይ ነው፤ ሌላው ሰው ሁሉ ሙቀቱ አድክሞት ተኝቷል። ቀጥቃጩ ጣሳቸውን ይዘው መጡና አጠገቤ ተንበረከኩ። ጣሳውን አየሁና፣ እኔ ማፈሪያው፣ በዚያ ትኩሳት ውስጥ ሆኜ እንኳ ፊቴን አዞርኩ።

አልተቆጡም። አልገረማቸውምም። ጋቢያቸውን ጠቅልለው ከራሴ ሥር አደረጉ፤ ከዚያ ጣሳውን ከከንፈሬ አንድ ስንዝር ከፍ አድርገው ውሃውን በቀጭኑ አንቆረቆሩልኝ። አንድ ጠብታ አልባከነም። ስንት ጊዜ ቢያደርጉት ነው እንዲህ የተካኑት? ጣሳው ሳይነካኝ ጠጥቼ ጠገብኩ።

"መምህር" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ "የመጨረሻዋ ልጄ እርስዎ ዘንድ ነበር የምትማር።"

ወዲያው አወቅኋት።

ከመታሰሬ ሁለት ሳምንት በፊት ነው። ስለ ቀላልና ስለ ጥምር ማሽኖች ልንማር ስለነበር፣ ከቤታችሁ ሥራ የሚያቀል ነገር ይዛችሁ ኑ ብያቸው ነበር። ልጆቹ ማሽን ሲባል ነዳጅ ጠጥቶ ጭስ የሚተፋ ብቻ ይመስላቸዋል፤ ያን ላፈርስላቸው ፈልጌ ነው። መጥረቢያ መጣ፤ ሽብልቅ ነው። የጉድጓድ ውሃ መሳቢያ መዘውር መጣ። መቀስ መጣ፤ ሁለት ማንሻና ሁለት ስለት ተጋብተው አንድ ሥራ ይሠራሉ፣ ይህ ጥምር ነው። አንዱ የእጅ ጋሪ እየገፋ ገባ። ሦስት ማጭድ ጠረጴዛው ላይ ተደረደረ።

እሷ በጆንያ የጠቀለለችውን ፈታችና የቀጥቃጭ እሳት የሚነፋበትን ወናፍ አስቀመጠች። ሁለት የፍየል ቆዳ ከረጢት፣ በየአፋቸው ሁለት ሁለት እንጨት፣ ጫፉ ላይ የሸክላ ቱቦ። ፊት የተቀመጡት ልጆች ወደ ኋላ ሸሹ። አንዱ አፍንጫውን በሹራቡ ሸፈነ። ነገ ወላጅ ይመጣብኛል ብዬ አሰብኩ።

"ይኸ ከትምህርታችን ውጭ ነው፤ ወደ ቤት መልሺው" አልኳት።

መልሳ ጠቀለለችው። ጠረጴዛው ላይ የቀሩትን ሦስት ማጭዶች የሠሩት አባቷ ናቸው፤ እነሱን የሸሸ ልጅ አልነበረም። ከማግሥቱ ጀምሮ ቦታዋ ባዶ ሆነ። የሩዝ አጨዳ ይዟት ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

"ከዚያ ወዲህ ወናፉን አትነካም። ትምህርት ቤትም አልሄድም ብላለች" አሉኝ አባቷ። "እኔ ያልተማርኩ ነኝ። እውነት ማሽን አይደለም?"

"ሰዓት አልቆብን ነው" አልኩ።

"እንግዲያስ ሰዓት ካለቀ ምን ይደረጋል" አሉና ጣሳቸውን ይዘው ወደ በራቸው ተመለሱ። ያመኑኝ መሰለኝ፤ ያቃጠለኝም እሱ ነው።

የወባው ክኒን በሦስተኛው ቀን መጣ። ትኩሳቱ በረደልኝ፣ ሐፍረቱ ግን አልበረደም። ከዚያ በኋላ ባለው ቀን ክቦቹ ሦስተኛው ምሰሶ ሥር ደረሱ፤ ተራው የእኔ ነበር።

ምሰሶውን ተደግፌ ቆምኩ። ማንኪያ ጠጠር ላይ አስደግፌ የድስት ክዳን አነሣሁና ማንሻ ማለት ይኸው ነው አልኳቸው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ነው፤ ማሽን ሸክሙን አያጠፋውም፣ ያከፋፍለዋል እንጂ። ተቀበሉኝ፤ ጠየቁኝ፤ የንቡ ሰው ማንኪያውን ነጥቆ ራሱ ሞከረው። ጥምር ማሽን ላይ ስደርስ ፊቴን ወደ በሩ አዞርኩ።

"አንዲት ተማሪዬ ወናፍ ይዛ መጣች፤ ከትምህርታችን ውጭ ነው ብዬ መለስኳት" አልኩ። "ሰዓት አላለቀብኝም ነበር። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው። ወናፍ ማሽን ነው። አሠራሩን ከእኔ የበለጠ የሚያውቁ ሰው እዚህ አሉ። ተራዬን ለእሳቸው ሰጥቻለሁ።"

አለቃው ቀና ብለው አዩኝ። "መምህር፣ ትኩሳቱ አልለቀቀህም" አሉ።

"ለቆኛል" አልኳቸው።

ቀጥቃጩ ቶሎ አልተነሡም። በኋላ ሁለት ፌስታል ጠየቁ፤ ተሰጣቸው። ቀለሟ ያለቀ እስክሪብቶዬን ሰጠኋቸው፤ ቀፎዋን ቱቦ አደረጓት። ከሣጥን ስንጣሪ እንጨት፣ ከጆንያ ክር መዘዙ። ሲሠሩ እጃቸው እንጂ ዓይናቸው አያይም ነበር ማለት እችላለሁ፤ ዓይናቸው ሌላ ቦታ ነው፣ ምናልባት ቤታቸው።

"ሲከፈት ይጠጣል፣ ሲዘጋ ይተፋል" አሉ ለማንም ሳይሆን። "አንድ ብቻ ከሆነ እሳቱ መሀል ላይ ይተኛል። ሁለት ሲሆኑ አንዱ ሲጠጣ አንዱ ይተፋል፤ እሳቱ እንቅልፍ የለው።"

ከዚያ ቱቦውን ወደ ወለሉ አዙረው ሁለቱን ፌስታሎች በየተራ ጫን ጫን አደረጓቸው። የሩዙ እብቅ ከመሬት ተነሣ። ተነሥቶ በብርሃኑ መስመሮች ውስጥ እየዞረ እስከ ቆርቆሮው ወጣ፤ እዚያ ላይ ትንሽ ቆየና እንደገና በላያችን ላይ መውረድ ጀመረ። አሥራ ሦስታችንም አንጋጠን አየነው። የት እንዳለን የረሳን ይመስለኛል። እኔ በበኩሌ ረስቼ ነበር። ቱቦውን ወደ ፊቴ ሲያዞሩት ቀዝቃዛው አየር ግንባሬን ነካኝ።

ውሃ ሲመጣ ኩባያዎቹ እንደ ወትሮው መዞር ጀመሩ። እኔ ወደ በሩ ሄጄ ከጣሳዎ ያጠጡኝ አልኳቸው። እጃቸው ለምዶት ጣሳውን ከፍ አደረጉት።

"ዝቅ ያድርጉት" አልኩ።

አልገባቸውም። ጣሳውን ከእጃቸው ጋር በሁለት እጄ ይዤ ወደ ከንፈሬ አወረድኩትና ጠጣሁ። ዝገት ዝገት ይላል። ለባጃጅ ነጂው አቀበልኩት፤ እያየኝ ጠጣ። እሱ ለአለቃው አሳለፈው። አለቃው ጣሳውን ይዘው ብዙ ቆዩና ሳይጠጡ መሬት ላይ አስቀመጡት። ቀስ ብለው ነው ያስቀመጡት፤ ይህንንም መናገር አለብኝ።

እኔ ቀድሜ ተፈታሁ። ስሜ ሲጠራ ቀጥቃጩ ከበሩ ሥር ተነሥተው አሳለፉኝ። "ሰዓት እንዳላለቀ ይንገሯት" አሉኝ።

ቤታቸው ከከተማው ጫፍ፣ ሩዙ ከሚጀምርበት ነው። እናቷ መደብ ላይ አስቀመጠችኝ። ልጅቷ ውሃ ይዛ መጣች፤ አጠገቤ ስትደርስ ኩባያውን ልታንቆረቁርልኝ ከፍ አደረገችው። አሥር ዓመቷ ነው፤ ተምራዋለች። እንባዬ መጣ። ኩባያውን ተቀብዬ አፌ ላይ አድርጌ እስከ መጨረሻው ጠጣሁ።

"ወናፉን ሰኞ ይዘሽልኝ ነይ" አልኳት።

"ከትምህርታችን ውጭ ነው ብለውኝ የለም?"

"ተሳስቼ ነው። ፈርቼ ነው። ያን ቀን ሰዓትም አላለቀም ነበር፤ አባትሽም ይህን ንገራት ብለውኛል።"

ባዶውን ኩባያ ተቀብላኝ ወደ ጓዳ ገባች።

ሰኞ አልመጣችም። ማክሰኞም አልመጣችም። ረቡዕ፣ ትምህርት ከተጀመረ በኋላ፣ በጆንያ የተጠቀለለ ነገር አቅፋ በሩ ላይ ቆመች። ጠረጴዛውን ለቅቄላት ሄጄ እሷ ቦታ ላይ ተቀመጥኩ። ወናፉን ፈታችና መጀመሪያ እንጨቶቹን የሰጠችው አፍንጫውን ለሸፈነው ልጅ ነው። ልጁ ዞሮ አየኝ። ቆይቶ እጁን ዘረጋ። የጠመኔው ብናኝ ከጥቁር ሰሌዳው ሥር ተነሥቶ ሁላችንንም አስነጠሰን። በዚያው ሳምንት ሁለት ወላጆች ልጆቻቸውን ከእኔ ክፍል አስወጡ።

አባቷ የተፈቱት አጨዳው ካለፈ በኋላ ነው። እሷ አሁን አሥረኛ ክፍል ናት።

ወባው ግን ኅዳር በመጣ ቁጥር ይጎበኘኛል። ከቀትር በኋላ ጋደም እንዳልኩ ወለሉ ውሃ ይሞላል፣ ክቦቹ በሥሬ ይዋኛሉ፣ ጣሳውም ከላዬ ከፍ ብሎ ይመጣል። "ዝቅ ያድርጉት" እላለሁ። ባለቤቴ ከጓዳ "ምኑን?" ትለኛለች። አንዳንድ ዓመት ዝቅ ያደርጉታል። አንዳንድ ዓመት ግን ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ ውሃው ይንቆረቆርልኛል፤ ያን ጊዜ እያለቀስኩ ነው የምነቃው።