ፀሐይ ላይ የተሰጣው ማጣሪያ

እኔ ከይሪያ አፈኛ ነኝ፤ ኮምቦልቻ ውስጥ ያልተጣላሁት ሰው ጥቂት ነው። በሺርን ግን አንድ ቀን ተቆጥቼው አላውቅም። ምኑን ልቆጣ? እንኳን ለጠብ ለሰላምታም ድምፁ አይወጣ።

የውሃ ምርምር ቤቱን የማጸዳው እኔ ነበርኩ፤ የሚሠራበት እሱ ብቻ። የደሴ ልጅ ነው፤ እናቱ ከሞተች ወዲህ ሰው የለውም። እሑድ እሑድ በሚኒባስ ደሴ ይወጣና እዚያው ፒያሳ አንድ ማኪያቶ ጠጥቶ ይመለሳል። ማንን አገኘህ ስለው ማንንም ይለኛል። አንጀቴን ይበላኛል። የእኔም ልጆች ጅዳ ናቸው፤ የባዶ ቤትን ነገር አውቀዋለሁ።

ሥራውን አንዴ አስረድቶኛል። ሴቶች ከሚውጡት እንክብል፣ ከብት ከሚወጋው መድኃኒት የሚመጣው ሆርሞን በሽንት ወጥቶ ወንዝ ይገባል፤ በጣም ትንሽ ስለሆነ በተራ ማጣሪያ ሾልኮ ያልፋል። እሱ ታዲያ ስስ ማጣሪያ ላይ ሆርሞኑን ይዞ የሚያስቀር ነገር ቀባበት። ስምንት ወር ፈጀበት። የዚያን ሳምንት ሐሙስ ገንዘብ የሚሰጡት ሰዎች ከአዲስ አበባ መጥተው ሊያዩለት ነበር፤ ከሠራ ይቀጥላል፣ ካልሆነ ቤቱ ይዘጋል።

እኔ ማጣሪያውን የማውቀው ብረት ውስጥ ታስሮ ነው። ረቡዕ ጠዋት ስገባ ባልዲ ውስጥ ነጭ ጨርቅ ተዘፍዝፏል። ወንደላጤ ዘፍዝፎ ይረሳል፤ ለዚህ የሙት ልጅ ማን ያጥብለታል ብዬ በኦሞ ፈትጌ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ሲደርቅ አጣጥፌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት።

በሺር ገብቶ ሲያየው ደርቆ ቀረ። ማጣሪያው ያ ጨርቅ እንደነበረ፣ እንዳይደርቅ ብሎ ባልዲው ውስጥ እንዳቆየው፣ ከውሃ ወጥቶ ከደረቀ ቀዳዳው ተደፍኖ እንደማይመለስ ቀስ ብሎ ነገረኝ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ።

«ልጄ፣ ስደበኝ» አልኩት። «በአላህ ስደበኝ።»

ማጣሪያውን አንሥቶ ያጣጠፍኩበትን መስመር በጣቱ ዳሰሰው።

«እትዬ ከይሪያ፣ እናቴ ከሞተች ወዲህ የእኔን ነገር ያጠበልኝ ሰው የለም» አለኝ። «እርስዎ የመጀመሪያዋ ነዎት።»

ሐሙስ የመጡት ሰዎች ባዶውን መሣሪያ አይተው ሄዱ። ጥፋቱ የእኔ ነው ልል ስነሣ በዓይኑ ከለከለኝ። በወሩ ቤቱ ተዘጋ። ሲሄድ ያን ማጣሪያ እንዳጣጠፍኩት ሻንጣው ውስጥ ከተተው።

ሁለት ዓመት ሙሉ አጠገቡ ስሠራ አንድ ሸሚዝ አላጠብኩለትም። ያጠብኩለት ማጣሪያውን ብቻ ነው።