ለአያቷ አምስት ዓረፍተ ነገር

እሁድ እሁድ ሳን ሆዜ ውስጥ ለአበሻ ሙስሊም ልጆች ሃይማኖት አስተምር ነበር። አስተምር ነበር ስል እንዳታደንቁኝ። የተማርኩት እስከ አስራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ቁርኣንም የቀራሁት ልጅ ሆኜ ደሴ፣ እየተቆነጠጥኩ ነው። ያስተምራቸው የነበረው ደህናው ኡስታዝ የሥራ ፈረቃው ተቀይሮበት ቀረ፣ ወላጆቹ እርስ በርስ ተያዩ፣ ባልም ልጅም የሌላት እኔ ብቻ ነበርኩ። "አንቺ እንግሊዝኛውንም ኢንተርኔቱንም ታውቂያለሽ" አሉኝ። በቃ። በሳምንቱ ከኦክላንድ ነድቼ፣ ካምቤል አጠገብ በተከራዩት አዳራሽ ዘጠኝ ልጆች ፊት ቆምኩ።

ልጆቹ ከስድስት እስከ አስር ዓመት ይሆናቸዋል። አማርኛ ትንሽ ትንሽ ይሰማሉ፣ መልሱ ግን በእንግሊዝኛ ነው። ቁጭ ማለት አይወዱም፤ እኔም አልወድም። ስለዚህ መፍትሔ ፍለጋ ኢንተርኔት ውስጥ ገባሁ። የምሠራው ዳውንታውን ኦክላንድ፣ የአንድ ቢሮ እንግዳ መቀበያ ላይ ነበር። ሰው ጭር ሲል እፈልግና ፕሪንት አደርጋለሁ።

ካገኘሁት ሁሉ የሚሻለው ለእንግሊዝ አገር የአንደኛ ደረጃ አስተማሪዎች የተሠራ ዌብሳይት ነበር። እዚያ ትምህርት ቤት ስለ ሁሉም ሃይማኖት ያስተምራሉ። የሚቀባ ሥዕል አለው፣ ተቆርጦ የሚጣበቅ መስጊድ አለው፣ ከሶላት በፊት የሚታጠቡት የዉዱእ ቅደም ተከተል በሥዕል አለው። ችግሩ የተጻፈው ለሌላ ሰው ልጅ ነው። "ሙስሊሞች በቀን አምስት ጊዜ ይሰግዳሉ። ሙስሊሞች በረመዳን ይጾማሉ" ይላል። ይህንኑ እያነበብኩ ሳስረዳ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ እጁን አወጣ።

"ቲቸር፣ ሰዎቹ የት ነው የሚኖሩት?"

"የትኞቹ ሰዎች?"

"ሙስሊሞቹ።"

"ቤት ስትገባ እናትህን ጠይቃት" አልኩት። ከዚያ ወዲያ ወረቀቱን ከማደሌ በፊት "ሙስሊሞች" የሚለውን በእስክሪብቶ እየሰረዝኩ "እኛ" ብዬ እጽፍበት ጀመር።

ከልጆቹ መሐል አማርኛዋ ከሁሉ የደከመ አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። እናቷ ታክሲ ትነዳለች። አያቷ፣ የእናቷ አባት፣ ሊጠይቋቸው ከወሎ መጥተው ነበር። አንድ እሁድ እናትየው መኪና ማቆሚያው ላይ ያዘችኝ።

"ስሚኝ እህቴ፣ አባቴ ሊሄዱ ሦስት ሳምንት ቀራቸው። ከልጄ አፍ ስለ ዲኗ አንድ ነገር በአማርኛ ሳይሰሙ መሄድ የለባቸውም። አክስቶቼ ተደርድረው ነው የሚጠብቋቸው። 'አሜሪካ ወስዳ ልጇን ባዶ አስቀረቻት' ሊሉኝ ነው።"

"አማርኛ አትናገርም እኮ።"

"አንቺ ለምንድን ነው ያለሽው ታዲያ?"

ልጅቷ እንስሳት ስለምትወድ የነቢዩ ኑሕን ታሪክ መረጥኩ። የእንግሊዞቹ ገጽ ላይ አጣሁት። የክርስቲያን ልጆች ገጽ ላይ ግን የሚቀባ መርከብ ከነዝሆኑ ከነቀጭኔው አገኘሁና በጥድፊያ ዘጠኝ ቅጂ ፕሪንት አድርጌ ወጣሁ። እሁድ ጠዋት አዳራሹ በር ላይ፣ መኪና ውስጥ ሆኜ ሳየው ደነገጥኩ። ነቢዩ ኑሕ ጢማቸውን አንዠርግገው፣ መርከቡ ጫፍ ላይ ቆመው እጃቸውን ያወዛውዛሉ! እኛ ዘንድ የነቢይ መልክ አይሳልም፤ ጭራሽ በከለር እርሳስ ሊቀቧቸው! መቀስ አወጣሁና ዘጠኙንም ቆርጬ አወጣኋቸው። የተቆረጠውን ደግሞ የት ልጣለው? ቆሻሻ ውስጥ አይሆንም። የመኪናው መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ልጆቹ መርከቡ ላይ ያለውን ቀዳዳ አዩ።

"ቲቸር፣ ማነው የሚነዳው?" አለች ልጅቷ በእንግሊዝኛ።

ከኋላ የተቀመጠው ልጅ ቀደመኝ፤ "ሴልፍ ድራይቪንግ ነዋ! ራሱን ነው የሚነዳው!"

በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት አምስት ዓረፍተ ነገር አስጠናኋት። ድምፄን ቀድቼ ለእናቷ ላክሁ፣ ልጅቷ ታክሲው ውስጥ ስትሰማው ከረመች። በሦስተኛው እሁድ አያቷ መጡ። ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ልጅቷ ፊታቸው ቆመች።

"ነቢዩ ኑሕ ሕዝባቸውን ወደ አላህ ጠሩ። ሕዝቡ ሳቀባቸው። ትልቅ መርከብ ሠሩ። ከእንስሳት ሁሉ ወንድና ሴት ጫኑ። ውሃው መጣ፣ ያመኑት ዳኑ።"

አንድም ቃል አልሳተችም። "ማሻአላህ! ማሻአላህ!" አሉ ሽማግሌው። እናትየው ዓይኗን ጠረገች። ይሄኔ ነበር ማጨብጨብና መበተን። እሳቸው ግን ወደ ልጅቷ ጎንበስ አሉ።

"እሺ የኔ እመቤት፣ ልጃቸውስ? መርከቡ ላይ ወጣ?"

ልጅቷ እኔን አየች። እኔ ጣሪያውን አየሁ። በአምስቱ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ልጅ የሚባል የለም። እናትየው ከጀርባቸው ቆማ አንድ ነገር እንድል በዓይኗ ትለምነኛለች። መሸፋፈኑን አልቻልኩበትም።

"አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ ነኝ ያስሸመደድኳት። ያሉት አልገባትም።"

ሽማግሌው ከዘራቸውን ትንሽ ዳበሱ።

"አብሽሪ፣ አይዞሽ" አሉኝ። "የጠየቅኳትን ንገሪያት እንግዲህ።"

ነገርኳት። ልጅቷ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ በእንግሊዝኛ አፈጠጠችብኝ፤ "ልጅ ነበራቸው? ለምን አልነገርሽኝም?"

ተረጎምኩላቸው፤ ከት ብለው ሳቁ። ከዚያ ልጁ እንዴት እንቢ እንዳለ፣ ተራራ ላይ ወጥቼ እድናለሁ እንዳለ አወሩላት። እሳቸው አንድ ይላሉ፣ እኔ አሻግራለሁ፣ እሷ ሁለት ትጠይቃለች።

"አባቱ ተመልሶ አላወጣውም?"

"ጠራው፣ ለመነው" አሉ ሽማግሌው። "ማዕበሉ መሐላቸው ገባ።"

ይህንን ስተረጉም ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። ልጅቷ ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች።

መኪና ማቆሚያው ላይ እናትየው አልማረችኝም። "ስድስተኛ ዓረፍተ ነገር ብትጨምሪላት ምን ነበረበት? አሳፈርሽኝ!"

"ሰባተኛውን ይጠይቋት ነበር" አልኳት። የመኪናዋን በር ጓ አድርጋ ዘግታ ሄደች። አያቷም በዚያው ሳምንት ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ልጅቷ አልቀረችም፤ እናቷ ግን በር ላይ አውርዳት ትሄዳለች እንጂ አታናግረኝም። ከወር በኋላ ሥራ ላይ እያለሁ ደወለች።

"ጉድሽን ስሚ! አባቴ ለአክስቶቼ ምን ብለው እንዳወሩ ታውቂያለሽ? 'የኑሕን ታሪክ ከነልጁ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ጥርት ባለ አማርኛ ተወጣችው' ብለዋል።"

"ስለ እኔስ?"

"አንቺን ማን አነሳሽ! ስሚኝ፣ አሁን ደግሞ እኛም እንስማት ብለዋል። በዒድ ኮል አድርገው ስፒከር ላይ ሊያስወሯት ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቦ።"

"ስንት ቀን አለን?"

"አርባ።"

እሁድ ሌሎቹ የወረቀት መስጊድ ሲቆርጡ ልጅቷን ለብቻዋ ወሰድኳት። ወረቀት አልያዝኩም፣ ስልክም አላወጣሁም።

"ከየት እንጀምር?" አልኳት።

"ከልጁ" አለች በአማርኛ። "ልጁ... ተራራ..."

የሚቀጥለው ቃል ጠፋባት። መጠበቅ አልወድም፤ አፌ ላይ የመጣውን ቃል ውጬ ጠበቅኳት።