ሸኩር የሞላቸው ምልክቶች

ጅማ መርካቶ ውስጥ ሸኩርን የማያውቅ ካለ ቡና ጭኖ የማያውቅ ሰው ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በቡና ጆንያ ላይ ምልክት ሲጽፍ ኖሯል። ጎዶሎ ምልክት ያለው ጆንያ ከመጋዘን ይመለሳልና፣ ሌላ ሰው የጻፈውም ቢሆን ጭረት የጎደለው ፊደል ካየ ብሩሹን አንስቶ ሳይሞላ አያልፍም።

በሰባ አራት ዓ.ም. ሸቤ ላይ ለገበሬ ማኅበሩ የቡና መጋዘን መሠረት ሲቆፈር፣ ማንም የማያነበው የጥንት ጽሕፈት ያለበት ድንጋይ ወጣ። ፎቶ አንሺ ቢፈለግ ታጣ። «እጁ የሰላ ሰው ጥሩ!» ተባለና ሸኩር ሄዶ ስልሳ አንዱን ምልክት በካርቶን ላይ ገለበጠ። ግንባታውን የሚያሠራው ካድሬ ግን የማለቂያ ቀን ተቆርጦበት ነበር፤ ድንጋዩ በሳምንቱ ተፈልጦ መሠረት ገባ። የቀረችው የሸኩር ካርቶን ብቻ!

ጽሕፈቱን የምታጠና ወይዘሪት መንበረ ከአዲስ አበባ መጣች። ሸኩር ሱቅ ደጃፍ ተቀምጣ ለየምልክቱ ቁጥር ትሰጥ ጀመር። ቁጥሩ ካርድ ላይ ተበስቶ ኮምፒውተር ሊገባ ነው።

«ታዲያ ይሄ ኮምፒውተር የምትይው መኪና ያነበዋል?» አለ ሸኩር።

«የትኛው ምልክት ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ ይቆጥራል እንጂ አያነብም። አንድ የሐሰት ምልክት ከገባበት ግን፣ ጋሽ ሸኩር፣ ቆጠራው ሁሉ ይበላሻል። ደግነቱ የእርስዎ አንድም የተሰበረ የለበትም!»

ሸኩር ዓይኑን ወደ ካርቶኑ መለሰ። የተሰበረማ ነበር። ሦስቱን እጁ ሳያማክረው ሞልቷቸዋል።

ሚስቱ ሐጂራ ሻይ ስታቀብል ፊቱን አየች። «አንተ ሰውዬ፣ ቀለሙን ጠጣኸው እንዴ?»

ሁለት ቀን ሙሉ ሰላት ሲቆም እንኳ ጭረቶቹ ፊቱ ላይ ይደቀኑበታል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት መንበረ አውቶቡስ ስትሳፈር እየሮጠ ደረሰ።

«ወላሂ በድያለሁ። የተሰበሩ ሦስት ነበሩ። እኔ ነኝ የሞላኋቸው።»

አልተቆጣችም፤ ያ ባሰበት። ካርቶኑን ዘርግታ እርሳስ ሰጠችው። «ለተሰበረም ቁጥር አለን፤ ዜሮ እንለዋለን። የእርስዎን ይሰርዙልኝ።»

አሥራ ሁለተኛውን ሰረዘ። አርባኛውን ሰረዘ። ሦስተኛው የት አለ? እጁ አሳምሮት ኖሮ፣ የጥንቱን ሰው ጭረት ከራሱ መለየት አቃተው።

«ሃ ዴምኑ! እንሂድ እንጂ!» ሹፌሩ ጥሩንባውን ነፋ። «በዚህ አያያዛችሁ ሰኮሩ ሳንደርስ ይመሻል!»

ሸኩር እርሳሱን ጨብጦ በካርቶኑ ጠርዝ ላይ ጻፈ፦ «ከነዚህ ከሃምሳ ዘጠኙ አንዷ የእኔ ናት። ሸኩር።»

ከዚያ ወዲህ ከመጋዘን የሚመለስ ጆንያ በዛ። «ሸኩር አረጀ፣ ጎዶሎውን ማየት ተሳነው» ይላሉ። ማየቱንስ ያየዋል፤ ብሩሹን ማንሳት ነው የፈራው።