አሮጌው መስመር በአዲሱ ምስል ላይ

የአጎቴ ልጅ የአንጎል ምስል ማጥናት ትማር ነበር። ለልምምድ ጤነኛ ሰው ስትፈልግ እኔን ጠየቀችኝ። እኔ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ባለ ምግብ ቤት ጓዳ እሠራ ነበር፤ ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። እምቢ ማለት ስለሚያሳፍረኝ እሺ አልኩ።

መጀመሪያ ኤም አር አይ የተነሣሁ ጊዜ የማሽኑን ጩኸት ሰምቼ ወጣሁ፣ በቃ። እሷ ግን ብዙ ሳምንት ምስሉ ላይ ተቀመጠች። ኮምፒዩተሩ ያሰመረውን እያረመች፣ የአንጎሌን ሽፋን እጥፋቶች በቀይ መስመር ተከተለች። መሐል ላይ ያሉትን ፈሳሽ የሚይዙ ክፍት ቦታዎች በሰማያዊ ለየች።

ከጥቂት ወራት በኋላ ሁለተኛ ተነሣሁ። ያን ጊዜ ሥራዋ አሮጌውን መስመር አዲሱ ምስል ላይ ማስቀመጥ ነበር። ሰው ሁለቴ አንድ ዓይነት አይተኛም፤ ጭንቅላቱ ትንሽ ያዘነብላል። ስለዚህ መስመሩን ታዞረዋለች፣ ታንሸራትተዋለች፤ ከዚያ መግጠም አለበት።

አልገጠመም።

ቅዳሜ ከሰዓት ካልቨር ሲቲ ያለው ቤቷ ጠርታ አሳየችኝ። የራስ ቅሉ ልክ ገጥሟል። እጥፋቶቹ ግን ከቀዩ መስመር ትንሽ ወደ ውስጥ ሸሽተዋል፤ የመሐሉም ክፍት ቦታ ከሰማያዊው አልፎ ሰፍቷል። ፕሮግራሙ መስመሩን ስቦ ማስገጠም እንደሚችል ነገረችኝ።

«ከሳብኩት ግን የተለወጠው ነገር ይደበቃል፤ ሶ አልሳብኩትም» አለች።

ራስ ምታት እንዳለብኝ፣ ወድቄ እንደሆነ፣ መድኃኒት እወስድ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሰኞ ለአስተማሪዋ ልታሳይ ነው፤ ከዚያ ወደ ሐኪም ይልኩኝ ይሆናል። ድምጿ ተራ ነበር፤ ዓይኗ ግን ስክሪኑ ላይ ብቻ ነበር። ታምሜ እንደሆነ መፍራቷ ገባኝ።

እኔ ያልነገርኳት ነገር ነበር። ሁለተኛውን ምስል በተነሣሁበት ሳምንት ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ የሦስት ቀን ደረቅ ጾም ታውጆ ነበር፤ ምግብም ውሃም የለም። ምስሉን የተነሣሁት ሦስተኛው ቀን ላይ ነው። ከመነሣቴ በፊት የሞላሁት ቅጽ ሰውነቴ ውስጥ ብረት እንዳለ እንጂ ስለ ጾም አልጠየቀኝም። ደግሞ የጾመ ሰው ፊቱን ታጥቦ ሥራው ይሄዳል እንጂ ጾምኩ አይልም። እኔ የጾምኩትም እሷ የትምህርቷን ፈተና እንድታልፍ ስለነበር መናገሩ የባሰ ከበደኝ።

ለመሄድ ተነሣሁ። በሩ ጋ ስደርስ ፊቴን ሳላዞር ሦስት ቀን መጾሜን ነገርኳት።

«ውሃም?»

«ውሃም።»

ወንበሯ ላይ ወደ ኋላ ተደገፈች።

«ከአንቺ አንድ ነገር ለመስማት እኮ አፖይንትመንት ያስፈልጋል» አለች። አንጎል ውሃ ሲያጣ በጥቂቱ እንደሚኮማተር አስረዳችኝ፤ እርግጠኛ ለመሆን ግን ደግሜ መነሣት ነበረብኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ጠርሙስ ውሃ ይዛ መጣች፤ ጠጥቼ እስክጨርስ ቆማ አየችኝ፤ ከዚያ ሦስተኛ ምስል ተነሣሁ። ማታውኑ ደወለች። አሮጌው መስመር ትንሽ ዞሮ ገጥሟል።

ከዚያ ወዲህ ቅጿ ላይ መጨረሻ ውሃ የጠጡት መቼ ነው የሚል ጥያቄ አለ። ለምን እንደጾምኩ ግን አልጠየቀችኝም።